ለሁሉም የማይሆነው ሁሉን አቀፍ ክበብ

ለተከበሩ የትምህርት ቤታችን ርዕሰ መምህር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለጉልበትዎ፣ በተለይም ከሰሞኑ ሩጫ በኋላ ለትንፋሽዎ ደኅንነትን እመኛለሁ። እኔ ከትምህርት ቤትዎ በር ፊት ለፊት የምሠራው ልብስ ሰፊ ነኝ። ኦቲዝም ያላትን የእህቴን ልጅ የማሳድግ አክስትም ስለሆንኩ፣ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ በምስጋና ተሞልቼ ነው።

አንደኛ፣ ከትምህርት ሰዓት በኋላ የሚሠራ «ሁሉን አቀፍ የምህንድስና ክበብ» ከፍተው የእህቴን ልጅ ስለመዘገቡልን አመሰግናለሁ፤ በማግስቱ ስላስወጧትም እንዲሁ። መሰርሰሪያው ሲጮኽ ጆሮዋን መያዟ፣ ጎማ ሲሽከረከር ደግሞ በደስታ እጆቿን ማርገብገቧ ሥነ ሥርዓት እንደሚያጓድል ካስረዱኝ በኋላ፣ «ክበቡ ሁሉን አቀፍ ነው እንጂ ለሁሉም የሚሆን አይደለም» ያሉኝን ጥልቅ ሐሳብ እስካሁን እያላመጥኩት ነው፤ አልዋጥ ብሎኛል። ልጅቷ ግን ቦርሳዋን ከጀርባዋ ሳታወርድ፣ ሱቄ በር ላይ ቆማ የክበቡን መስኮት ስታይ አመሸች።

ሁለተኛ፣ ሱቄን በሰው ስለሞሉልኝ አመሰግናለሁ። እንድትጽናና ብዬ የተበላሸ የስፌት መኪና ፍቺው ብላት፣ በማግስቱ ሁለት የክፍል ጓደኞቿ መጥተው፣ «እትዬ፣ እዚያ ክበቡ ውስጥ ከሰሌዳ ላይ የቃላት ትርጉም ነው የምንገለብጠው፤ እዚህ ከእሷ ጋር እንሥራ?» አሉኝ። ሌሎቹም ተከትለው መጡ። ደንቡን ያወጡት ራሳቸው ናቸው፦ መሰርሰሪያ ውጭ፤ ጠረጴዛ ሥር ሆኖ መሥራት የፈለገ እዚያው ይሥራ። ከቁርጥራጭ ጨርቄ ቀይ ትከሻው ላይ ያሰረ «አሁን አታናግሩኝ» ማለቱ ነው፤ አረንጓዴ ያሰረ ደግሞ «ጠይቁኝ»። የጨርቁን ሐሳብ ያመጣችው የእህቴ ልጅ ናት። እኔም ሱሪያቸው የዘገየባቸው ደንበኞች ሲመጡ ቀይ ማሰር ለምጃለሁ።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ረዘም ይላል፤ ይታገሡኝ። ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጡት እንግዶች ክበብዎን ሊጎበኙ ሲገቡ ያገኙት ባዶ ወንበር ስለነበር፣ እርስዎ መንገዱን በሩጫ ተሻግረው፣ «እትዬ፣ በሞቴ፣ ልጆቹን ለአንድ ሰዓት አውሺኝ!» አሉኝ። እንግዶቹ ግን ከኋላዎ ተከትለው መጡ። ልጆቹ በዚያን ጊዜ ከሱቄ ተነሥቶ እስከ ማዶው የትምህርት ቤቱ መጻሕፍት ቤት ሰገነት በስፌት መኪናው ሞተር እየተሳበ በገመድ ላይ የሚሄድ ቅርጫት እየሞከሩ ነበር። እርስዎም ከረባትዎን ሊያስተካክሉ የንግግር ወረቀትዎን ቅርጫቱ ውስጥ አስቀመጡ። ከልጆቹ አንዷ የሞተሩን ማብሪያ ተጫነች፤ ንግግርዎ ያለ እርስዎ ጉዞ ጀመረ።

ክቡርነትዎ መሰላል ላይ ወጥተው ገመዱን ሙጭጭ አድርገው ሲይዙት፣ ቅርጫቱ መንገዱ መሐል አየር ላይ ቀጥ አለ። እርስዎ «ተበላሸ!» እያሉ ሲጮኹ፣ የእህቴ ልጅ ከትከሻዋ ላይ ቀዩን ጨርቅ ፈታ ቀና ብላ አየችዎና፣ «ጋሼ፣ አልተበላሸም፤ የያዙት እርስዎ ነዎት። ይልቀቁት» አለችዎ። ለቀቁት። ቅርጫቱ ሽው ብሎ ማዶ ደረሰ! እሷ እጆቿን አርገበገበች፣ ጓደኞቿ አርገበገቡ፣ የእንግዶቹ አለቃ የሆኑት አዛውንትም መነጽራቸው እስኪወድቅ አርገበገቡ። ንግግሩን የጠየቀ አልነበረም፤ ሁሉም ስለ ገመዱ ይጠይቅ ነበር።

አዛውንቱ በልጆቹ ደንብ ክበቡ እንደገና እንዲከፈት ባዘዙ ጊዜ እርስዎ የተስማሙበት ፍጥነት አስደንቆኛል። የእህቴ ልጅ «መሰርሰሪያው ውጭ ከሆነ እመጣለሁ» ብላ መጣች። አሁን ከትምህርት በኋላ ሱቄ በር ላይ አትቆምም፤ ከጓደኞቿ ጋር ስትስቅ ግን ድምፅዋ ሱቄ ድረስ ይሰማኛል። እኔም ለብቻዬ እየሳቅኩ ስፌት አጣምማለሁ።

ገመዱን ስለለቀቁልን ከልቤ የማመሰግንዎ፣ የማክበሬን ልክ ለመስፋት ክር ያጠረኝ ታዛዥዎ፣

ልብስ ሰፊዋ አክስት

ማሳሰቢያ፦ ያን ዕለት መሰላሉ ላይ ሲወጡ ሱሪዎ ከኋላ ተተርትሯል። ይላኩልኝ፣ በነጻ እሰፋዋለሁ። እንግዶቹ ያዩትን ባዶ ክፍል ግን መርፌዬ አይጠግነውም።