በር የቆረጠው ጣቴ

ውድ እትዬ፣

ትናንት ሐኪሟ የልጄን እጅ አይታ ስትጨርስ የኔን እጅ ተቀብላ አየች፤ የሕፃኗ ትርፍ ጣት ከኔ የተወረሰ መሆኑንም ነገረችን።

ከዚህ ቀጥሎ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስሽ። እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽን ሲያምሽ የነበረውስ ተሻለሽ? እማዬ እንዴት ናት? ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ብቻዋን ወደ ጓሮ መውጣቱን ተወች ወይስ አሁንም ማንም አይዘኝም ትላለች? ባለቤትሽና ልጆችሽ ሁሉ ደህና ናቸው? እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ። ከጤናዬ ውጭ ያለውን ግን ደህና ነው ብዬ ብጽፍልሽ መዋሸት ይሆናል።

ይህን ደብዳቤ ለእማዬ ጮክ ብለሽ ከማንበብሽ በፊት አደራ፣ ለብቻሽ ሆነሽ አንብቢው። ስልክ እያለ ወረቀት ማንሣቴ ይገርምሽ ይሆናል። ሰሞኑን ደጋግሜ ደውዬልሽ ነበር፤ በደወልኩ ቁጥር ስለ ዝናቡ ጠይቄሽ ዘጋሁ። ስልኩ ሳይዘጋ ለባለቤትሽ "ይኼ ልጅ ምን ነካው፣ ዝናብ ሊነግድ ነው እንዴ?" ስትዪው ሰምቻለሁ። የደወልኩት ለሌላ ነገር ነበር፤ አፌ አልታዘዝ አለኝ።

ልጅቷ መወለዷን ነግሬሻለሁ። ጸጉሯን፣ እንቅልፏን፣ ግንባሯ ቁርጥ የእማዬ መሆኑን ሁሉ ነግሬሻለሁ። ያልነገርኩሽ በሁለቱም እጆቿ ከትንሿ ጣት ጎን አንዳንድ ትርፍ ጣት ይዛ መወለዷን ነው። ምስር የምታህል ጥፍር ያላቸው፣ አጥንት የሌላቸው፣ በቀጭን ቆዳ የተንጠለጠሉ ናቸው። አዋላጇ እንዲህ ያለ ብዙ አይታለች መሰለኝ አልደነገጠችም። "በዘር ያለበት ሰው አለ?" ብላ ብቻ ጠየቀች። እኔ ጥያቄዋን ሳትጨርስ "በእኛ ቤት የለም" አልኩ። ሚስቴ ግን በድካሟ ላይ ቆም ብላ አሰበችና "እኔም ቤት የማስታውሰው የለም" አለች። እሷ ማስታወስ ሞከረች። እኔ አልሞከርኩም።

አሁን ስለ ድመቶች ልንገርሽ፤ ከጉዳዩ የሸሸሁ እንዳይመስልሽ። እንደምታውቂው የእህል መጋዘን ተረካቢ ነኝ። ከመኪና የሚወርደውን ጆንያ እየወጋሁ አያለሁ፤ እርጥቡንና የነቀዘውን አስመልሳለሁ። በመጋዘኑ ለአይጥ ተብለው የተቀመጡ ድመቶች አሉ። ከዓመታት በፊት አንዲት እርጉዝ ድመት ጭነት ላይ ተኝታ መጣች። የፊት እግሮቿ መዳፋቸው ሰፊ፣ ጣታቸውም ከሌላ ድመት የበዛ ነበር። ጫኝና አውራጆቹ ጓንት ያጠለቀች ስለመሰለቻቸው "ጓንቴ" አሏት። ዛሬ ከመጋዘኑ ድመቶች የሚበዙት እንደ እሷ ባለ ጓንት ናቸው።

የእነዚህ ድመቶች ሊቅ እኔ ነበርኩ። ከሬዲዮ የሰማሁትንና ከመጽሔት ያነበብኩትን ይዤ፣ በምሳ ሰዓት ጆንያ ላይ ተቀምጬ ስለ ዘረመል አስተምር ነበር። ማንኛውም ሕይወት ያለው ነገር ሰውነቱ እንዴት እንደሚሠራ የሚወስን ትእዛዝ ከእናቱም ከአባቱም ይወርሳል፣ ጂን የሚሉት ይኸው ነው እላለሁ። ትእዛዙ ከወላጅ ወደ ልጅ ሲተላለፍ አንዳንዴ ሳይታሰብ ይለወጣል። ለውጡ ክፉኛ የሚጎዳ ከሆነ ባለቤቱ ሳይወልድ ይሞትና አብሮት ይቀበራል፤ የሚጠቅም ከሆነ ባለቤቱ ብዙ ወልዶ ያወርሰዋል፤ ፍጥረት ሁሉ በረጅም ዘመን መልኩን የቀየረው በዚህ መንገድ ነው እላለሁ። የጓንቴን ዓይነት ጣት ለማውረስ አንድ ወላጅ ብቻ እንደሚበቃና ከልጆቹ ግማሽ ያህሉ እንደሚወርሱት ሳይወለዱ እተነብይ ነበር። ብዙ ጊዜ ይሰምርልኛል። "ፕሮፌሰር" የሚል ስም ወጣልኝ፤ አልጠላሁትም።

ሚዛን ላይ የሚሠራ ባልደረባ አለኝ፤ በሚዛኑ እህሉን፣ በምላሱ ሰውን የሚመዝን ነው። ድመት በወለደች ቁጥር "እሺ ፕሮፌሰር፣ አባትየውስ ማነው?" ይለኛል። እኔም አባቱን ተወው፣ ጣቱን የሰጠቻቸው እናቲቱ ናት እለዋለሁ፤ ሰው ይስቃል። የልጄን እጅ ነገር ለአንድ ሰው በምስጢር ነግሬ ኖሮ ወሬው ሚዛኑ ጋ ደረሰ። ጠዋት ስገባ እንደ ልማዱ "እሺ ፕሮፌሰር፣ አባትየውስ?" አለኝ። ከአፉ ካመለጠው በኋላ ራሱም ደነገጠ፤ ይቅርታም ጠይቆኛል። እኔ ግን ቀልዱን ተሸክሜ ቤቴ ገባሁ።

ከዚያ ወዲያ ዓይኔ የሰው ጣት መቁጠር ያዘ። ሰው ሰላም ሲለኝ ፊቱን ትቼ እጁን አያለሁ። በሰፈራችን ዳቦ ቤት የሚሠራ አንድ ረጋ ያለ ሰው አለ። ሚስቴ እርጉዝ ሳለች ወረፋ እንዳትቆም ብሎ ዳቦዋን ለይቶ ያስቀምጥላት ነበር። ከትንሿ ጣቱ ጎን ጠባሳ አየሁበት። ምድጃ ያቃጠለው ነው፤ እጁ እስከ ክንዱ ድረስ እንደዚያው ነው። እኔ ግን የፈለግኋትን አንዷን ጠባሳ ብቻ አየሁ።

የዚያን ዕለት ሚስቴ ልጅቷን እያጠበች ሳለ "ያ የዳቦ ቤቱ ሰውዬ፣ በዘሩ ትርፍ ጣት ያለበት ሰው ይኖር ይሆን?" ብዬ ጠየቅኳት። ሌላ ቃል አልጨመርኩም፤ አላስፈለገምም። ልጅቷን ከውሃው አውጥታ በፎጣ ጠቀለለቻት። ጣቶቿን አንድ በአንድ አደረቀች፤ ትርፎቹንም ጭምር። ከዚያ "እሺ" አለች። በማግሥቱ ከሥራ ስመለስ ልጅቷን ይዛ ወንድሟ ቤት ሄዳለች። ሳህኑን አጥባ፣ ሸሚዞቼን አጣጥፋ ነው የሄደችው። ሰባብራው ብትሄድ ይሻለኝ ነበር።

ትናንት የልጅቷ ቀጠሮ ስለነበረ ሆስፒታል ተገናኘን። እኔ ልጅቷን ታቅፌ ትንሿን መዳፏን ከፍቼ ያዝኩላት። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ስትናገር አትቸኩልም። የልጅቷን እጅ አይታ ስታበቃ ዓይኗ እኔ እጅ ላይ ቀረ። ከትንሿ ጣቴ ጎን ያለችውን እብጠት በአውራ ጣቷ ዳሰሰችና ምንድን ናት አለችኝ። ልጅ ሳለሁ በር ቆርጦኝ ነው አልኳት። ሌላውን እጄን ገለበጠች። "ይችኛዋስ?" አለች። በር ነው አልኳት። "ያው በር?" አለችኝ።

እትዬ፣ ይህን ያህል ዕድሜ ስኖር አንድ በር ሁለቱንም እጆቼን አንድ ቦታ ላይ እንዴት እንደቆረጠ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም። እንጀራዬ ጆንያ መጠራጠር ነው። እህል በእጄ ጨብጬ እርጥቡን ከደረቁ እለያለሁ። የጨበጠውን እጅ ግን አላየሁትም።

ሐኪሟ እንዲህ ያለ ጣት በሕፃንነት በክር ታስሮ ሲወድቅ የሚተወው ምልክት ይህ መሆኑን ነገረችን። ከአያት ቅድመ አያቶቼ በአንዱ ላይ የተፈጠረ ለውጥ ሲወርድ ሲዋረድ እኔ ጋ ደርሶ ይሆናል አለች። አንድ ወላጅ ከያዘው ይበቃል፤ ለያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ እኩሌታ ነው፤ አንዳንዱ ደግሞ ይዞት እያለ እጁ ላይ ሳይታይ ለልጁ ያስተላልፋል። ይህን ሁሉ እየነገረችን ሳለ ሚስቴ ጣልቃ ገባች። "እሱ ያውቀዋል። መጋዘናቸው ውስጥ ባለ ስድስት ጣት ድመቶች አሉ፤ እንዴት እንደሚወርሱት ለሰው ሁሉ ያስተምራል" አለቻት። በድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ያኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር።

ሐኪሟ ነገሩ ስላልገባት ደስ ብሏት ስለ ድመቶቹ ትጠይቀኝ ጀመር። ለምን እንደበዙ ስትጠይቀኝ፣ ሰፊው መዳፍ ጆንያ ላይ ስለማያንሸራትታቸው አይጥ በደንብ ይይዛሉ፣ ተፈጥሮ መርጣቸዋለች አልኩ። በዚያች ሰዓትም ፕሮፌሰር ነበርኩ። እሷ ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል አለች። ምናልባት ጓንቴ ድመት የሌለበት ባዶ መጋዘን ቀድማ ስለደረሰችና ብዙ ስለወለደች ብቻ ይሆናል የበዙት፤ እንዲያው የዕድል ነገር ሆኖ የሚስፋፋ ለውጥም ብዙ ነው አለች። ከዚያ የልጅቷን እጅ አንሥታ፣ ድሮ ድሮ እንዲህ ያለ ትንንሽ ለውጥ በዘመናት ብዛት ባይጠራቀም ኖሮ እጅ የሚባል ነገር ራሱ እንደማይኖር፣ ሁላችንም የለውጥ ልጆች መሆናችንን፣ በዚህ የሚያሳፍር አንዳች ነገር እንደሌለ ነገረችን። ይህን ያለችው ለልጅቷ ብላ ነው። የማፍረው በጣቱ እንዳልሆነ በምን ታውቃለች?

ኮሪደሩ ላይ ሚስቴን ይቅርታ ጠየቅኳት። "ለድመቶቹ ያልነፈግከውን እውቀት ለእኔ ነፈግከኝ" አለችኝ። ጥፋቱን ወደ እማዬ ላዞር ብዬ፣ በር ነው ብላ ያሳደገችኝ እሷ ናት አልኳት። ይህን ማለቴ የባሰ ነበር። "እናትህ አፍራ ደበቀች፤ አንተ ግን ሳታፍር ተናገርክ" አለችና ልጅቷን ተቀብላኝ ሄደች።

ስለዚህ እማዬን አልወቅስም፤ እንዳትደነግጪብኝ። ያኔ የሰው አፍ ፈርታ ይሆናል። አንቺ ግን ያኔ ነፍስ ያወቅሽ ልጅ ነበርሽ። ክሩን ያቀበልሻት አንቺ ነሽ? ሁለተኛው ልጅሽ የተወለደ ጊዜ እማዬ ሕፃኑን ለቀናት ሸፍና ማንንም አላስጠጋ ማለቷ ትዝ ይለኛል፤ ብርድ ይመታዋል ስትል ነበር። እስቲ እጁን እዪው። የአባባን እጅ ላስታውስ ብዬ ሌሊቱን ታገልኩ። ሻካራነቱ ይመጣልኛል፣ መንገድ ስንሻገር አጥብቆ መያዙ ይመጣልኛል። ከትንሿ ጣቱ ጎን ምን እንደነበረ ግን አይመጣልኝም።

እማዬን ጊዜ መርጠሽ፣ ሰው በሌለበት ጠይቂልኝ። ከአባባ ወገን ነው ወይስ ከእሷ? ሌላስ ማን ላይ ነበር? ሐኪሟ ለልጅቷ መዝገብ ትፈልገዋለች። ሚስቴም ትፈልገዋለች፤ ልጅቷ አድጋ ስትጠይቀኝ በር ነው አልላትም ብላለች። ደብዳቤውን የያዘው የእህል መኪና ሹፌር ከልጅቷ ቀጣይ ቀጠሮ በፊት ስለሚመለስ መልሱን በእሱ እጅ ላኪልኝ። እማዬ በቃሏ የምትለውን ሳታስተካክዪ ጻፊው።

ዛሬ ጠዋት ዳቦ ቤት ሄጄ ነበር። ያ ሰውዬ ሕፃኗ እንዴት ናት ብሎ ጠየቀኝ፤ ለሚስቴ ያስቀመጠውንም ዳቦ ሰጠኝ። እግዜር ይስጥልኝ ማለት አቅቶኝ ራሴን ነቅንቄ ወጣሁ። ዳቦው ጠረጴዛው ላይ እንደተቀመጠ ነው።

ለእማዬ ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ እንዳልተቀየምኳት አስቀድመሽ ንገሪልኝ። ለባለቤትሽ የወንድምነት ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ዝናብ ልነግድ አለመሆኔንም አስረጂልኝ። ትልቋን ልጅሽን በትምህርቷ እንድትበረታ ንገሪያት። ሁለተኛውን ሁለቱንም እጆቹን ሳሚልኝ። ትንሹን ጉንጩን። ጎረቤታችንን ባልቴቷንም እንዳልረሳኋቸው ንገሪያቸው።

ቀጠሮው ነሐሴ 24፣ ሐሙስ ጠዋት ነው። ትርፍ ጣቶቹ በመርፌ ደንዝዘው ይነሡ ወይስ ይቆዩ የሚለውን የምትወስነው ሚስቴ ናት፤ እኔ ምንም እንዳልል ለምናኛለች፣ አልልም። የሌላውንም ጉዳይ መልስ የዚያኑ ቀን እሰጥሃለሁ ብላለች። ከሆስፒታሉ በር ሲወጣ የቀኙ መንገድ ወደ ቤታችን ነው፤ የግራው ወደ ወንድሟ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ።

ታናሽ ወንድምሽ

ከእህል መጋዘኑ ማዶ፣ ማክሰኞ፣ ነሐሴ 8