ከታናሽ እንጀምር፦ የአቶ ፊሮምሳ ባይሳ የሕይወት ታሪክ (1946–2009 ዓ.ም.)

አቶ ፊሮምሳ ባይሳ ከአባታቸው ከአቶ ባይሳ ደቻሳ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሎሚ ቱሉ በቀድሞው አርሲ ጠቅላይ ግዛት፣ ከአሰላ ወጣ ባለች የገጠር መንደር በ1946 ዓ.ም. ተወለዱ። የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን አሰላ አጠናቀው ዩኒቨርሲቲ ገቡ። ትምህርታቸው በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ተቋርጦ ስለነበር በሥነ ሕይወት የተመረቁት በ1972 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት በዱር እንስሳት ጥበቃ ሥራ ተቀጠሩ።

በ1975 ዓ.ም. ከወይዘሮ የሻረግ አርአያ ጋር ጋብቻቸውን ፈጽመው ካዛንቺስ ከዑራኤል ዝቅ ብሎ ጎጆ ወጡ፤ ጦቢያን፣ ፋኑኤልንና ሰብሊን አፈሩ። የባለቤታቸው ታላቅ ወንድም አቶ ታዲዎስ አርአያ የሙያ ባልደረባቸውም ነበሩ። ሁለቱ ስታዲየም አብረው ኳስ ያዩ ነበር፤ አቶ ታዲዎስ «ፊሮምሳ ከቀበሮ በቀር የሚሮጥ ፍጥረት አይቶ ስለማያውቅ ዳኝነት አያውቅም» እያሉ ይተርቧቸው ነበር።

በ1996 ዓ.ም. አቶ ፊሮምሳ ጥብቅ ስፍራዎች ምን ያህል በአግባቡ እንደተያዙ የሚመዝነውን ግምገማ እንዲመሩ ተመደቡ። በግምገማው የስፍራው ሠራተኞችና የአካባቢው ነዋሪዎች አንድ ላይ ተቀምጠው ወሰኑ ይከበር እንደሆነ፣ እሳት እንዳይሻገር የሚመነጠረው የእሳት መከላከያ መስመር ይጸዳ እንደሆነ እየተጠየቁ ከዜሮ እስከ ሦስት ነጥብ ይሰጣሉ። ከተገመገሙት አንዱ አቶ ታዲዎስ በኃላፊነት የሚመሩት የሀሮ ቀሎ ጥብቅ ደን ነበር። አቶ ፊሮምሳ ዝምድናቸውን አስቀድመው ለመሥሪያ ቤታቸው ቢያሳውቁም፣ ሥራውን የሚያውቅ ሌላ ሰው ስላልነበረ እንዲቀጥሉ ተነገራቸው።

በስብሰባው እንደ ወጋችን ቅድሚያ ለታላቅ ተሰጠ። ስለ እሳት መከላከያው ሲጠየቅ ኃላፊው አቶ ታዲዎስ ሦስት አሉ፤ ከእርሳቸው በኋላ የተናገረ ሁሉ ሦስት አለ። አቶ ፊሮምሳም የሁሉንም መስማማት እንደ ማስረጃ ቆጥረው ነጥቡን ተቀበሉ፤ ወርደው መስመሩን አላዩም።

በመጋቢት 1998 ዓ.ም. ደኑ ተቃጠለ። ጸድቷል የተባለውን መስመር ቁጥቋጦ ውጦት ነበር፤ ጅብሪል የተባለ የደኑ ጠባቂም ሁለት እጁን እሳት በላው። አቶ ፊሮምሳ ሊጠይቁት ሄደው በስብሰባው ላይ ለምን እውነቱን እንዳልተናገረ ሲጠይቁት፣ «ጋሼ፣ አለቃ ሦስት ካሉ በኋላ እኔ ምን ልበል?» አላቸው። ስሕተቱ የስብሰባው አመራር፣ ማለትም የእርሳቸው መሆኑን ለመሥሪያ ቤታቸው አመለከቱ።

በ1999 ዓ.ም. ሁለተኛው ግምገማ ሲቃረብ ቤታቸው ጭንቅ ገባው። ነጥቡ ከወረደ አቶ ታዲዎስ ከኃላፊነት እንደሚነሱ ሁሉም ያውቅ ነበር። ወይዘሮ የሻረግ ስለ ወንድማቸው ለመኑ፤ የቤተሰብ ሽማግሌዎችም መጡ። የአቶ ፊሮምሳ መልስ አልተለወጠም፤ ነጥብ ሰጪው እርሳቸው እንዳልሆኑ፣ የሚለውጡት የመናገሪያ ተራውን ብቻ እንደሆነ ነገሯቸው።

በዕለቱ መጀመሪያ ሁሉንም በመስመሩ ላይ አስኬዷቸው። ከዚያ በማዕረግ ዝቅተኛ ከሆነው ጀመሩ። ጅብሪል ዜሮ አለ። ከእርሱ ቀጥሎ ያሉት አንዳንዶቹ ዜሮ፣ አንዳንዶቹ አንድ አሉ፤ ሁለት ያለም ነበር፤ ተከራከሩ። ተራው አቶ ታዲዎስ ጋ ሲደርስ እርሳቸው ነጥብ ሳይሰጡ ተነሥተው ወጡ።

አቶ ታዲዎስ ከኃላፊነት ተነሡ፤ ከካዛንቺሱ ቤትም እግራቸው ቀረ። ወይዘሮ የሻረግ የፋሲካን ጠዋት ከባለቤታቸው ጋር፣ ከሰዓቱን ወሎ ሰፈር ወንድማቸው ቤት እያሳለፉ ዓመታት አለፉ። የሀሮ ቀሎ መስመር ከዚያ ወዲህ በየበጋው ጸዳ፤ በ2003 ዓ.ም. የተነሣው እሳትም እዚያው መስመሩ ላይ ቆመ። አቶ ፊሮምሳ ይህን ሲሰሙ ደስታቸውን ሊያካፍሏቸው የሚሹት አቶ ታዲዎስ አጠገባቸው አልነበሩም።

በ2006 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። በ2008 ዓ.ም. የጉበት ሕመም አገኛቸውና ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ በጥቅምት 2009 ዓ.ም. መናገር ተሳናቸው። ሐኪሞች ሌላ ቀዶ ሕክምና ይደረግላቸው ወይስ ቤት ይግቡ የሚለውን ቤተሰቡ እንዲወስን ጠየቁ። ቤተሰቡ በሆስፒታሉ ኮሪደር ቆሞ ሳለ አቶ ታዲዎስ መጡ። ታላቅ እርሳቸው ነበሩና ሁሉም እርሳቸው እንዲናገሩ ጠበቀ።

«እኔ መጨረሻ ነኝ፤ ከታናሽ እንጀምር» አሉ። «ሰብሊ፣ አንቺ ተናገሪ።»

ሰብሊ አባቷ አንደበታቸው ሳይያዝ ቤታቸው መሆን እንደሚፈልጉ ነግረዋት እንደነበር፣ ታላላቆቿን ፈርታ ዝም እንዳለች ተናገረች። ፋኑኤል ተቃወማት፤ ጦቢያ ደገፈቻት። ወይዘሮ የሻረግ የባላቸው ፈቃድ እንዲፈጸም ጠየቁ። አቶ ታዲዎስ በመጨረሻ ከሰብሊ ጋር ተስማሙ፤ ቃሬዛውንም በራስጌ በኩል ይዘው ካዛንቺስ ገቡ። አልጋው አጠገብ ተቀምጠውም «ዳኝነት አታውቅም ያልኩህን አንሥቻለሁ» አሏቸው። አቶ ፊሮምሳ እጃቸውን ያዟቸው፤ አልለቀቋቸውም።

አቶ ፊሮምሳ ኅዳር 9 ቀን 2009 ዓ.ም. በቤታቸው፣ በቤተሰባቸው መካከል ዐረፉ። ከኋላቸው የቀሩት፣ እርሳቸው እንዳስተማሩን ከታናሽ ሲጀመር፣ ሰብሊ፣ ፋኑኤል፣ ጦቢያ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ የሻረግ፣ በመጨረሻም አማቻቸው አቶ ታዲዎስ ናቸው።

የታናሹን ድምፅ አስቀድሞ የሚሰማ አምላክ ነፍሳቸውን በጻድቃን ማረፊያ ያኑርልን፤ ለቀረነውም መጽናናትን ይስጠን። አሜን።