ስለ እንጨቷ መኪናህ የምናዘዘው ነገር አለ

ተፌ ሆዴ፣

ከተለየኸኝ ስምንት ወር ከአሥራ ሁለት ቀን ሆነ። ሰዉ ሁሉ «ጊዜ ያስረሳል» ይለኛል። እስካሁን ጊዜ ያስረሳኝ ምድጃ ማጥፋት ብቻ ነው፤ ሁለት ድስት አሳርሬያለሁ። ባለህበት ሰላምታዬ ይድረስህ። እዚያ ደህና የመኪና ማቆሚያ እንዳለ ተስፋ አደርጋለሁ። ከሌለ ግን አውቅሃለሁ፣ ቅሬታህን እስካሁን በሦስት ቅጂ አስገብተሃል።

የቤቱን ወሬ ልንገርህ። ሰፈራችን ጻይልስሃይም እንዳለች ናት። አውቶቡሱ ዛሬም ከመታጠፊያው ብቅ ስል ጠብቆ ይነሣል። ሠላሳ ዓመት ያገለገልክበት ፋብሪካ ያለ አንተም ይሠራል፤ ይህን እንደማታምነኝ አውቃለሁ። የደረጃው አምፖል ሲቃጠል አንተ የለህምና የቤቱ አስተዳዳሪ ራሱ መሰላል ተሸክሞ መጣ፣ ጎረቤቱም እንደ ሥርዓተ ንግሥ ወጥቶ አየው።

ልጃችን ሐና በየሳምንቱ ከምትኖርበት ከኖርድኤንድ ትመጣና አንድ አንድ ዕቃህን ታነሣለች። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «ማማ፣ ዳስ ሙስ ቬክ» ትለኛለች፤ ይሄ መወገድ አለበት ማለቷ ነው። እኔ በአማርኛ እጮኻለሁ፣ እሷ በጀርመንኛ ትመልሳለች፤ በሁለታችን መሀል ኮቶችህ ወጥተው ሄዱ። ሸሚዞችህም ሄዱ። ከዚያ የጋራዡ ተራ ደረሰና መኪናዋ ላይ መጣን። እዚያ ላይ አልቻልኩም።

እንግዲህ ስለ እሷ ልጻፍልህ። ሌላ ምን ትጠይቀኝ ነበር?

ሰው መኪና ይገዛል፣ አንተ ሞተር ያለው ቁም ሣጥን ገዛህ። ያውም አዘህ፣ ዓመታት ጠብቀህ! የጽንስ ዜና እንደሚጠብቅ ሰው ከእንግሊዝ የሚመጣ ደብዳቤ ትጠብቅ ነበር። «ዛሬ አጥንቷን ጀመሩላት» ብለህ ከፖስታ ሳጥኑ ስትሮጥ የመጣህበትን ቀን አልረሳውም። አጥንቷ እንጨት ነው። ጀርመኖቹ ኤሼ የሚሉት ዛፍ ነው፤ «የወይራ ዘመድ ነው እኮ!» እያልክ በኩራት ታስረዳ ነበር፣ ዛፉ ከወይራ የሚዛመደው በአንተ እናት በኩል ይመስል። በላዩ ላይ በእጅ በመዶሻ የተቀጠቀጠ አሉሚንየም፣ ኮፈኗን አሥሮ የሚይዝ የቆዳ ቀበቶ። ቀበቶ ያላት መኪና! ለራስህ ሱሪ ቀበቶ ግዛ ብዬህ አልሰማኸኝም።

ሲሠሯት ለማየት እስከ እንግሊዝ ድረስ ሄድክ። ያን ሽርጥ የታጠቀ አናጺ ከሚዜህ ይልቅ ታስታውሰው ነበር። ሲላጋ የወደቀውን ጥቅልል ፍቅፋቂ አንሥተህ መጣህና በዳዊትህ ውስጥ አኖርከው። ዛሬም እዚያው ነው፤ ሐና ወደ ዳዊቱ እጇን ስትሰድ ያን ቀን ብቻ እንደ ነብር ተቆጣሁ። አንድ ጊዜ በከንቱ ፍቅር አበድክ ብዬ ስነተርክህ፣ «ሠላሳ ዓመት ማሽን የሠራውን ሌላ ማሽን ሲለካው ስቆጣጠር ኖርኩ። አንድ ነገር፣ አንድ ብቻ፣ ሰው በእጁ የዳበሰው ይኑረኝ» አልከኝ። እኔን መልስ ማሳጣት እንዴት ያለ ሙያ እንደሆነ ታውቃለህ።

መጥታ ስትቆም የሰፈሩን ሐበሻ ፊት አየህ? ሁለት መቀመጫ! ጋሽ ወርቁ የእድራችን ሊቀመንበር ናቸውና ዙሪያዋን ሦስት ጊዜ ዞረው ፍርድ ሰጡ፦ «ሬሳ አይጭን፣ ሙሽራ አይጭን፣ የጤፍ ከረጢት አይጭን። ይሄ መኪና አይደለም፣ ኩርፊያ ነው።» ሰው ሁሉ ሳቀ። አንተ ግን «ጋሽ ወርቁ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ስምንት ሰው በአምስት ወንበር ስጭን ኖሬያለሁ። ከኤርፖርት የማውቀውንም የማላውቀውንም አምጥቻለሁ። አሁን ደግሞ ሚስቴን ብቻዋን ልጫናት» አልካቸው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት! የምገባበት ጉድጓድ አጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጣውንቴን ወደድኳት።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወደ ታውኑስ ተራራ ስትወስደኝ ቂጤ ከአስፋልቱ በአንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ ነጠላዬ ከኋላዬ እንደ ባንዲራ እየተውለበለበ፣ አፌን ከፍቼ ነፍሳት እየዋጥኩ፣ ጾም መፍታቴን ነው የቆጠርኩት። ምንም አንሰማማም ነበር። አንተ ታወራለህ፣ እኔ «እ?» እላለሁ፣ አንተ ትስቃለህ። የሚያልፈን የጭነት መኪና ጎማ ግን ከራሴ በላይ ነበር፣ ተፌ። ከራሴ በላይ! አንተ ስትስቅ እኔ ያን ጎማ አያለሁ።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። ብዙ ቀባጠርኩ፣ ኑዛዜ ያለበት ሰው መቼም ቀባጣሪ ነው።

ቱፍ የሚሉት የመኪና ምርመራ ጊዜዋ ደረሰ የሚል ወረቀት መጣ። ማርሽ ያለው መኪና እንደማልነዳ ታውቃለህ፣ ጋሽ ወርቁን ለመንኩ። ገቡ። ሆዳቸውና መሪው ተጣሉ። እሳቸው እያቃሰቱ፣ ከምርመራው በፊት እንዲያዩልን ሄር ብሬንል የሚባሉ ሽማግሌ ጋር ወሰድናት፤ የድሮ መኪና እንጨት የሚጠግኑ አናጺ ናቸው፣ ሐና ናት ያገኘቻቸው። ሐና ገዥም አግኝታለች፤ አንድ የጥርስ ሐኪም። ሰውዬው ይወዳታል አለችኝ፣ ጋራዡንም ባለቤቱ በወሩ መጨረሻ ይፈልገዋል አለችኝ፣ አንቺም አትነጃትም አለችኝ። ሁሉም እውነት ነው። በእውነት የተከበበ ሰው ምን ይላል? «እሺ» ይላል። እሺ አልኩ፤ ከአፌ ሲወጣ ድምፁን እንኳ አላወቅሁትም።

ሄር ብሬንል ወንበርህን ፈትተው አነሡ። ምንጣፉን ገለጡ። ወስፌያቸውን እንጨቱ ላይ ጫን ቢያደርጉት እንደ ለጋ ቅቤ ውስጥ ገባ። በየቦታው ወጉ፣ በየቦታው እንደ ድንጋይ ጠንካራ ነው። ከአንተ ወንበር ሥር ብቻ በስብሷል። «ይገርማል፤ ከጣሪያ የሚወርድ ውኃ እንዲህ አንድ ቦታ አይመርጥም። ባለቤትዎ ወንዝ አቋርጠዋል እንዴ?» አሉ። ጋሽ ወርቁ ወደ እኔ አዩ። እኔ ወደ ጫማዬ አየሁ።

ተፌ፣ እኔ ነኝ።

የመጣች ቀን የንስሐ አባታችን ጸበል ሲረጯት ታስታውሳለህ። እንደ ሥርዓቱ ጥቂት ረጭ ረጭ አደረጉ። እኔ አልጠገብኩም። ያቺን የምታህል ጠብታ ያን ለሚያህል ጎማ ትበቃለች? የተረፈውን በጠርሙስ አስቀረሁ። ከዚያ በየጊዜው፣ አንተ ጓንትህን ስትፈልግ፣ አንድ ብርጭቆ ከወንበርህ ሥር ቸለስ አደርግ ነበር። ሲያልቅ ከአገር ቤት በሻንጣ አስመጣሁ። ረጅም መንገድ ከሆነ ሁለት ብርጭቆ። ወደ ባሕሩ ወደ ሰሜን የሄድን ጊዜ ግማሽ ጠርሙስ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ! ለእኔ ወንበር ጠብታ አላደረግሁም፤ እኔ ያለ አንተ ተርፌ ምን ላደርግ እንደሆነ አላሰብኩበትም ነበር። ይኸው አሁን አወቅሁት።

ሽታው የጀመረ ሰሞን ያደረግኸውን ሳስበው ዛሬ ሳቅም ለቅሶም ያንቀኛል። በጀርባህ ተኝተህ በባትሪ መብራት ቀዳዳ ፈለግህ። የመስታወቱን ጎማ ቀየርክ። ሸራውን ሰም ቀባህ። የእንግሊዝን ዝናብ፣ የእንግሊዝን ጎማ፣ በመጨረሻም የእንግሊዝን ዘውድ ተራገምክ። ለሠሪዎቹ የጻፍከው ደብዳቤ አራት ገጽ ነበር። ምስኪኖች፣ ምንም ሳያጠፉ እንዴት ባለ ትሕትና መለሱልህ! አንድ አገር በእኔ ኃጢአት ይቅርታ ሲጠይቅ እኔ ከጎንህ ቆሜ ሻይህን አማስል ነበር። ልነግርህ አፌን ስከፍት ደግሞ ፊትህ ላይ ያ የመርማሪ ደስታ አለ፤ ጡረተኛ ችግር ሲያገኝ እንዴት እንደሚያምርበት! ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። ነገ፣ ነገ እያልኩ አንተው ቀደምከኝ።

የጠበቅሁህም ከማይመጣብህ ነበር። አውቶባኑ ምን አደረገህ? ጎማው ምን አደረገህ? አንተ የሄድከው ከቤታችን ሶፋ ላይ፣ ዜና እያየህ፣ አንድ ካልሲህን አውልቀህ ሁለተኛውን ሳታወልቅ ነው። ንገረኝ እስቲ፣ ሶፋው ሥር ነበር ማፍሰስ የነበረብኝ? ከየት ላውቅ እችል ነበር? ይህን የምጠይቀው ሰው የለኝም። የንስሐ አባታችንን ብጠይቃቸው «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» አሉኝ፤ ልክ ናቸው፣ ግን ብርጭቆዋን ከእጄ ላይ አልወሰዱልኝም።

ለሄር ብሬንል እውነቱን ተናገርኩ። ጸበልን በጀርመንኛ ማስረዳት እንዴት ያለ ፈተና መሰለህ! ቫይቫሰር አልኳቸው፣ የተባረከ ውኃ። አዳመጡኝና መነጽራቸውን ከፍ አድርገው የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ «ስንት ሊትር?» የሚል ነው። ጀርመን ጀርመን ነው። ከዚያ ቅጹ ላይ የጉዳቱ ምክንያት በሚለው መስመር፣ ቅንድባቸውን እንኳ ሳያነሡ፣ ቫይቫሰር ብለው ጻፉ። ጋሽ ወርቁ ሳቃቸውን አፍነው እያሳሉ ወደ ውጭ ወጡ፤ በመስኮቱ ሳያቸው ግን ዓይናቸውን በክራቫታቸው ጫፍ ይጠርጉ ነበር።

የበሰበሰው ተቆርጦ ወጣ። ባለፈው ሐሙስ ሄር ብሬንል ኑ ብለው ጠሩኝ፤ ለምን እንደፈለጉኝ አልገባኝም ነበር። ስደርስ አዲሱ ቁራጭ ተላግቶ፣ ልክ ሆኖ፣ ቦታው ላይ ገብቷል፤ ወንበሩ ግን ገና አልተመለሰም። እርሳስ አውጥተው ሰጡኝ። እሳቸው እንጨቱን ከመሸፈናቸው በፊት ሁልጊዜ ስማቸውን ይጽፋሉ፤ ማንም አያየውም፣ ግን እዚያ ነው። «ዛሬ የእኔን አልጽፍም» አሉና ፊታቸውን አዙረው መሣሪያ መጥረግ ጀመሩ።

በጉልበቴ ወረድኩ። አርባ አንድ ዓመት ስነዘንዝህ የኖርኩ ሴት፣ የተሰጠኝ እንጨት ከመዳፌ አይሰፋም። ስምህን ጻፍኩ፣ ቆምኩ። ከዚያ ዘጠኝ ዓመት ያልወጣልኝን ጻፍኩት፦ «ተፌ፣ ውኃው ከእኔ ነበር።»

ሄር ብሬንል ዞረው ፊደሉን አዩት፣ አላነበቡትም፤ «ያምራል» አሉኝ። ምንጣፉን አለበሱት። ወንበሩን አስቀመጡ። አራት ብሎን አጥብቀው አሠሩ።

ቅዳሜ የጥርስ ሐኪሙ መጥቶ ወሰዳት። ደግ ሰው ይመስላል፤ ኮፈኗን በመዳፉ ሲዳብሳት አየሁት። «አልሸጥም» ብዬ ልጮኽ ፈለግሁ። ሐና ክንዴን ይዛኝ፣ ያቺ በጀርመንኛ ካልሆነ አልመልስ የምትል ልጅህ፣ «እማዬ፣ አይዞሽ» አለችኝ። በአማርኛ። መኪናዋ መንገዱ ጫፍ ላይ ታጠፈች፤ ድምጿ ግን ከታጠፈችም በኋላ ብዙ ቆየ።

ማንም ይንዳት ማን፣ ከተቀመጠበት ሥር ስምህ አለ። እኔ ደግሞ አልረሳህም ብዬ አልምልልህም፤ መሐላ ለሚጠራጠር ነው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ፣ ወሬህን ነፋሱ ሲወስደው «እ?» የምልበት ሰዓት ሲደርስ፣ ዛሬም «እ?» እላለሁ። ሰው ቢሰማኝ ይሳቅ።

እግዚአብሔር ነፍስህን ይማር። እኔን ደግሞ አንተ ማረኝ።

ያንተዋ አስናቀች