በጸሎት ተጠርጥሮ የተያዘው ካሜራ

ቀን፦ መጋቢት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጉባ ሶንጎ ቀበሌ አስተዳደር ጽ/ቤት
ለክቡር ሊቀመንበሩ
ጉባ ሶንጎ

ጉዳዩ፦ ካሜራዬ ጀርባው ሳይከፈት እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች ደግነት ሰብስቤ፣ የዲላ ከተማ ነዋሪና የመልክዓ ምድር ፎቶ አንሺ፣ ከታላቅ አክብሮትና ከመጠነኛ ንዴት ጋር የሚከተለውን አመለክታለሁ።

1. እናቴ ወ/ሮ ካሳነሽ የተወለዱት በቀበሌዎ ካለው ትልቁ ኮረብታ ሥር ነው። ዛሬ ጉልበታቸው እንኳን ኮረብታ ደረጃም አያስወጣቸውም። «ያን ኮረብታ ሳላየው ልሞት ነው» ስላሉኝ በስልኬ አንስቼ ባሳያቸው «ይሄ ጎመን የማን ነው?» አሉኝ። ስለዚህ በፊልም ካሜራ አንስቼ፣ ትልቅ አድርጌ አሳጥቤ፣ ከአልጋቸው ፊት ለፊት ልሰቅልላቸው ቃል ገባሁ።

2. ባለፈው ቅዳሜ ካሜራዬን በሦስት እግር መቆሚያው ላይ አቆምኩ። ይህ ካሜራ ሳጥን መሳይ ሲሆን ምስሉ የሚታየው ከአናቱ ነው። ስለዚህ አንሺው አንገቱን ደፍቶ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ወደ ታች ማየት አለበት። ፀሐይዋን ደመና ስለሸፈነብኝ እንደዚያው ሆኜ ብዙ ቆየሁ።

3. በዚያ ሲያልፉ የነበሩት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ አቶ ሲሞን፣ ዝናቡ ስለዘገየ ለምድሪቱ የምጸልይ መስሏቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊት ለፊቴ ቆሙ። ከገበያ የሚመለሱ ሴቶችም ሸክማቸውን አወረዱ። ቀና ስል በእኔና በኮረብታው መካከል ሕዝብ ዓይኑን ጨፍኖ ቆሟል። ደንግጬ ቁልፉን ተጫንኩት። ካሜራው «ቀጭ» ሲል ሁሉም በአንድ ድምፅ «አሜን» አሉ።

4. የቀበሌው ሚሊሻ አቶ ወንድይፍራው ያለ ፈቃድ የጸሎት ፕሮግራም አካሂደሃል ብለው ያዙኝ። ፎቶውን አሳየኝ ሲሉኝ ፊልም ስለሆነ አሁን አይታይም አልኳቸው። እንግዲያው አጥፋው ሲሉኝ አይጠፋም አልኳቸው። «የማይታይና የማይጠፋ ነገር ይዘህ እየዞርክ ነው የጸሎት ሰው አይደለሁም የምትለው?» ብለው ካሜራውን ወሰዱት።

5. የፊታችን ሰኞ ካሜራው በኮሚቴ ፊት ተከፍቶ ፎቶው ሊታይ መወሰኑን ሰምቻለሁ። ክቡር ሆይ፣ ብርሃን ከገባበት ፊልሙ ይቃጠላል። ኮሚቴው የሚያየው ባዶ ፕላስቲክ ነው፤ እናቴ ደግሞ ምንም አያዩም። ሌላ ፊልም የለኝም፤ ዲላ ውስጥም አይሸጥም። ቢኖረኝስ፣ ከእንግዲህ በዚያ ኮረብታ ሥር አንገቴን በደፋሁ ቁጥር ሕዝብ መሰብሰቡ አይቀርም።

6. እውነቱን ላለመደበቅ፣ ካሜራው ላይ ጎንበስ እንዳልኩ «ጌታ ሆይ፣ ይቺን ደመና ትንሽ ግፋልኝ» ማለቴን አልክድም። ነገር ግን እኔ የለመንኩት ፀሐይ ነው፤ እነሱ የለመኑት ዝናብ ነው። የካሜራውን መቆሚያ አጣጥፌ ሳልጨርስ ዶፉ ወረደ። የእኔ ልመና እዚያው ውድቅ መደረጉን አቶ ወንድይፍራውም ብስብስ ብለው ስለረጠቡ ሊመሰክሩልኝ ይችላሉ። ፈቃድ የሚያስፈልግ ከሆነ የሚመለከተው ጸሎቱ የተሰማለትን ወገን ነው።

ስለሆነም ካሜራዬ ሳይከፈት እንዲሰጠኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ፊልሙ እንደታጠበ አንድ ቅጂ ለጽ/ቤቱ አመጣለሁ፤ ኮሚቴው የፈለገውን ይመርምር።

በመጨረሻም፣ ፎቶው ሰው ገብቶበት እንደተበላሸ ለእናቴ ፈራ ተባ እያልኩ ነግሬያቸው ነበር። ብዙ ሳቁ። ከሳቁ እኮ ቆይተዋል። ከዚያም እንዲህ አሉኝ፦ «እሱኑ ስቀልልኝ፤ ያን ኮረብታ ብቻውን ሆኖ አይቼው አላውቅም።»

አንገቴን ሳልደፋ፣ ከአክብሮታዊ ሰላምታ ጋር

ደግነት ሰብስቤ
(ፊርማ)
ዲላ