ሽፋኑን ያላነበብኩት ሸክላ

ጥቅምት 6
አዲስ የሙዚቃ ሸክላ ለግምገማ ደረሰኝ። ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላ፣ አንድ ቼሎ። አራት ወጣቶች፣ የመጀመሪያ ሥራቸው። ሁለቴ ሰማሁት። ተኝተዋል እንዴ እነዚህ ልጆች? ሦስተኛው ክፍልማ አላልቅ አለኝ... በሰዓቴ ለካሁት፤ ዘጠኝ ደቂቃ ሙሉ! ገመዳቸውንም ዝቅ አድርገው ነው የቃኙት። «ዘጠኝ ደቂቃ ከሚያስዛጉን እነሱው ቢተኙ ይሻል ነበር» ብዬ ጻፍኩ። የጋዜጣው አዘጋጅ በስልክ ሳቀ። «ምላስሽ ምላጭ ነው!» ደስ አለኝ፤ ምን ልዋሽ።

ጥቅምት 9
ከልጅነቴ የማውቀውን ሸክላ አወጣሁ። እሱም ደከመብኝ። ያ የሚያስፈነድቀኝ መጨረሻው እግሩን ይጎትታል... ሰው በስልሳ ሦስት ዓመቱ ጆሮው ይከዳዋል? ለማንም አልናገርም። ያለዚህ ጆሮ እኔ ማን ነኝ?

ጥቅምት 12
ጽሑፉ ወጣ።

ጥቅምት 14
ቪዮላ ተጫዋቹ ደወለ። ጨዋ ልጅ ነው። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና...» እማማ! «ሦስተኛው ክፍል እኮ ስምንት ደቂቃ ተኩል ነው። ሽፋኑ ላይ ተጽፏል።»

ሽፋን አላነብም አልኩት። እውነቴን ነው። የሌላ ሰው አስተያየት ቀድሞ እንዳይገባብኝ ብዬ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሽፋኑን ሳላይ መሳቢያ ውስጥ እከታለሁ።

«ልንጫወትበት የነበረው አዳራሽ ጽሑፍዎን አይቶ ሰረዘን» አለ።

መሳቢያውን ከፈትኩ። ስምንት ደቂቃ ከሠላሳ ሴኮንድ። ታዲያ የእኔ ትርፍ ግማሽ ደቂቃ ከየት መጣ?

ጥቅምት 15
ታናሽ ወንድሜን ጠራሁት። ሰዓት ሠሪ ነው። ሸክላው ላይ ቁራጭ ወረቀት ለጥፎ በደቂቃ ስንቴ እንደሚዞር ቆጠረ። ሠላሳ ሦስት ከምናምን መሆን የነበረበት ሠላሳ አንድ ተኩል!

«እታለም፣ ጆሮሽ ደህና ነው። ሸክላውን የሚያዞረው የማጫወቻው ቺንጋ ነው የላላው።»

አለቀስኩ። ከዚያ... ወይኔ ጉዴ! ከሐምሌ ጀምሮ ሁሉንም እንቅልፋም ያልኩት በዚሁ ማሽን ነው! ወንድሜ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እኔ ደግሞ ሙዚቀኛው ሁሉ ባንዴ ያረጀ መስሎኝ!»

ጥቅምት 17
አዲስ ቺንጋ ገባ። አቤት አቤት! አንደኛው ቫዮሊን ብድግ ሲል ሌሎቹ ሮጠው ይደርሱበታል። ሦስተኛው ክፍል ላይ እንዴት ይደማመጣሉ! ቆሜ ነው የሰማሁት።

መጨረሻው ላይ ግን የቼሎዋ ድምፅ ይዋጣል። ልለፈው? በድያቸዋለሁ እኮ... አይ። ለይሉኝታ ብሎ መዋሸት ሌላ በደል ነው።

ጥቅምት 18
አዘጋጁ፦ «ማረሚያዋን ከታች በትንሹ እናውጣት፤ ስምሽን ለምን ታጎድፊያለሽ?»
«ስድቡ የወጣበት ቦታ ላይ፣ በዚያው ቁመት!»
ቺንጋውን፣ መሳቢያውን፣ ከሐምሌ ወዲህ የበደልኳቸውን ስድስቱንም በየስማቸው ጻፍኩ። የቼሎዋንም ነገር አልተውኩም።

ጥቅምት 26
ወጣ። አገር ሳቀብኝ። ይሳቅ።

ኅዳር 3
ያ የቪዮላው ልጅ ደወለ። አዳራሹ መልሶ ተቀበላቸው! «ቼሎ ተጫዋቿ ደግሞ፣ ‹ድምፄ አይሰማም እያልኩ ስጨቀጭቃችሁ አልነበር?› ብላ አላስቀምጥ አለችን። ሐሙስ ልምምድ አለን፤ መጥተው ይስሙን። ጆሮዎን ብቻ ይዘው ይምጡ፤ ማሽኑን እቤት ይተውልን።»
«እማማ ካልከኝ አልመጣም።»
«እሺ እማ...» ሳቃችን መጣ።

ኅዳር 7
ጠባብ ክፍል። ለእኔ አምስተኛ ወንበር አኑረዋል። እነዚህን ልጆች ነው እንግዲህ ተኙ ያልኩት... አፈርኩ።

መጨረሻው ላይ እጄን አነሳሁ። «ይቺን እንደገና። እናንተ ሦስታችሁ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉላት።» ደገሙት። ቼሎዋ ቀስቷን ሳታወርድ አየችኝ።

«አሁንስ?»

«ተሰማሽ» አልኳት።