«እርስዎ» የሚል ኮምፒውተር ለአክስቴ

ለዓይን ሆስፒታሉ የቀጠሮ አገልግሎት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ተስማሚ ኮምፒውተር ስለ መምረጥና ምስጋና ስለ ማቅረብ

ክቡር ሆይ፦

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በተለይም ሁለቱም ዓይኖችዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ። አክስቴም ከዓይናቸው በስተቀር ደህና ናቸው፤ የዓይናቸውንም ነገር ለእርስዎ መሥሪያ ቤት ስለ ሰጠን አሳብ ጥለን ተቀምጠናል።

ማን እንደሆንኩ ልናገር። የመኪና መለዋወጫ ሻጭ ነኝ። ያሳደጉኝ አክስቴ ደግሞ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የስልክ ቤት ኦፕሬተር ነበሩ፤ ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ ገመድ ከአንዱ ቀዳዳ እየነቀሉ ወደ ሌላው እየሰኩ፣ ሰውን ከሰው ሲያገናኙ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰው ናቸው። አንደኛው ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል። የቀረውን ሐኪማችሁ አይተው «ይሄ ቶሎ ካልተሠራ እሱም ይሄዳል» ብለው የቀዶ ሕክምና ተራ ሰጡን። ተራውን ለማረጋገጥ ስንመጣ ግን የቀጠሮው መስኮት ተዘግቶ ጠበቀን። ከዚያ ወዲህ የዋሉልንን ውለታ እንደሚከተለው በቁጥር አስፍሬያለሁ።

1ኛ. በተዘጋው መስኮት ላይ ስለ ለጠፉት ማስታወቂያ ከልብ አመሰግናለሁ። «ታካሚው ራሱ ካሜራ ፊት ተቀምጦ፣ ለዕድሜው ተስማሚ በሆነ የቤት ኮምፒውተር ተራውን እንዲያረጋግጥ በአክብሮት እናሳስባለን» ይላል። ፊደሉ ጉንዳን ያህላል። እኔ፣ ዓይነ ጤነኛው፣ አፍንጫዬን መስታወቱ ላይ ለጥፌ ነው ያነበብኩት። አጠገቤ ዓይናቸው በፋሻ የታሰረ አባት «ልጄ፣ ምን ይላል?» ሲሉኝ መጀመሪያ ደሜ ፈላ፤ ቆይቶ ግን ብልሃቱ ተገለጠልኝ። ማስታወቂያውን ያነበበ ሰው ዓይኑ ደህና ስለሆነ ሕክምና አያስፈልገውም፤ ያላነበበው ደግሞ ተራውን ሳያረጋግጥ ይቀራል። ወረፋን በዚህ መንገድ ማሳጠር ለሌላ ሰው ከቶ አይታሰበውም።

2ኛ. «ተስማሚ» የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ ለማንም ሠራተኛ ስላልነገሩ አመሰግናለሁ፤ ምስጢር መጠበቅ ደግ ነው። ጥበቃውን ጠየቅሁ፤ «እኔ በር ነው የምጠብቀው» አለኝ። ካርድ ክፍል ያለችውን ጠየቅሁ፤ «ዘመናዊውን ይግዙላቸው» አለችኝ። እኔ በበኩሌ ለየትኛው መኪና እንደሚሆን ሳልጠይቅ የፍሬን ሸራ ሸጬ አላውቅም፤ ስለዚህ አክስቴን ይዤ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ።

የመጀመሪያው ሻጭ እንደ ወረቀት የሳሳ ላፕቶፕ አመጣና «እናቴ፣ ላባ በሉት!» አለ። አክስቴ በጣታቸው ዳሰሱት። የሚጫኑት ፊደሎች ከገላው እኩል የተነጠፉ ስለሆኑ መጀመሪያና መጨረሻቸው አይታወቅም። «ክዳኑን ነው የሰጠኸኝ፤ ዕቃውን አምጣው እንጂ» አሉት። ጎረቤታችን ፎቶ አንሺው ደግሞ የራሱን ሊያውሰን መጣ፤ ፊደሎቹ ሥር ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። አክስቴ ያችን የቀረች ዓይናቸውን ጨፍነው «ሠርግ ቤት ነው?» ሲሉ አመስግነን መለስነው። በመጨረሻ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ፣ ሰፊ ስክሪን ያለው፣ ፊደሉ ወጣ ወጣ ያለና ሲነካ ቀጭ የሚል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የተጻፈውን ጮክ ብሎ የሚያነብ ኮምፒውተር ተገኘ። አክስቴ ድምፅ ሰምተው የደወለው ሰው ያልቅስ ያኩርፍ ለይተው የሚያውቁ ናቸውና፣ በጆሮ ከሆነማ ተሳክቶልናል ብዬ ልቤ ሞላ። የሆስፒታላችሁን ገጽ ገና መች ሰማሁና!

3ኛ. አክስቴን ካሜራው ፊት አስቀምጬ የቀጠሮውን ገጽ ከፈትኩ። ኮምፒውተሩ በወፍራም የወንድ ድምፅ «ስምህን አስገባ» ሲል አነበበ። አክስቴ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝና «አንተን እኮ ነው፤ መልስለት እንጂ» አሉኝ። እርስዎን ነው አልኳቸው። «እኔን? አንተ ብሎ?» አሉና የሹራባቸውን ቁልፍ ቆለፉ፤ ኮስተር ብለውም ወደ ስክሪኑ ዞሩ። በስልክ ቤት ዘመናቸው አንድ ደንብ ነበራቸው፤ የማያዩትን ሰው ሁሉ «እርስዎ» ይላሉ። ሕፃንም ይደውል ሚኒስትር፣ ካላዩት «እርስዎ» ነው። ይህንኑ ለኮምፒውተሩ በትዕግሥት አስረዱት። እሱም በጨዋ ደንብ አዳምጦ ሲያበቃ «ስምህን አስገባ» አላቸው።

ማስታወቂያዎ ላይ «በአክብሮት» የሚለውን ቃል ማስቀመጥዎን ሳስታውስ፣ አክብሮቱ ሁሉ እዚያ አልቆ ለገጹ ሳይተርፍ እንደቀረ ተረዳሁ፤ ይህንንም እንደ ጉድለት አልቆጥረውም።

4ኛ. ስሙ ከእኔ ስልክ ቁጥር ጋር እንደምንም ገባ። ቀጥሎ «ሰው መሆንህን አረጋግጥ፤ ብስክሌት ያለባቸውን ሥዕሎች ምረጥ» አለ። ዓይናቸው ለጠፋ ሰዎች ብስክሌት እንዲለዩ ስላዘዙ ምን ብዬ ላመስግንዎ?

5ኛ. በስልክ ቤት፣ ተሳዳቢ ደዋይ አንድ ጊዜ ይመከራል፤ ካልታረመ ገመዱ ይነቀላል። አክስቴ እጃቸውን ከጠረጴዛው ጀርባ ሰደዱ። ገመድ ለማግኘት ዓይን አላስፈለጋቸውም። ነቀሉት።

ወዲያው ስልኬ ላይ መልእክታችሁ ደረሰ፦ «ውድ ታካሚ፣ ተራህን በራስህ ፈቃድ ስለ ሰረዝህ እናመሰግናለን። ስምህ ከወረፋው መጨረሻ ተመዝግቧል።» መጨረሻው የት እንደሆነ ልጠይቅ ስመጣ መስኮቱ እንደ ተዘጋ ነው። ገመዱን መልሼ ሰክቼ ራሴ ብሞክር ገጹ ያንኑ ደገመልኝ። ብደውል ስልካችሁ ይጠራል እንጂ አይነሳም። አክስቴ ከአጠገቤ ሆነው ጥሪውን ሲያዳምጡ ቆዩና «መስመሩ ደህና ነው፤ የጠፋው ሰው ነው» አሉ። በሙያቸው የሰጡት ምስክርነት ነውና ይመዝገብልኝ።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ቀልዱን ወደ ጎን ልተወው። እኚህን ሴት እናት አድርጌ ነው የማውቃቸው፤ ዓይናቸውም በዘመናዊ አሠራር ምክንያት ሊጠፋ ነው። አዲስ ገጽ አልጠይቅም፤ የተሻለ ኮምፒውተርም አልጠይቅም። ያንን የሚጮኸውን ስልክ የሚያነሳ፣ «ምን ልርዳዎት?» የሚል፣ ተራቸውንም ወደ ቦታው የሚመልስ አንድ ሰው ብቻ ያስቀምጡልን። ሰው ከጠፋ አክስቴ ሥራውን ያውቁታል፤ ማዳመጫውን ይላኩላቸው።

ብስክሌትን ከርቀት የሚለይ ዓይን ለእርስዎና ለመላው የሥራ ባልደረቦችዎ እየተመኘሁ፣ ወረፋ በማያውቀው አክብሮቴ እሰናበታለሁ።

የመኪና መለዋወጫ ሻጩ፣ ያልተረጋገጡት ታካሚ የወንድም ልጅ

ግልባጭ፦
– ለበር ጥበቃው (ማስታወቂያውን ለሚጠይቁት አባት እንዲያነብላቸው)
– ለአክስቴ (በጆሯቸው)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ላነብላቸው ዛሬ ጠዋት ወደ ክፍላቸው ሄድኩ። መጋረጃው ተገልጦ ፀሐይ ቤቱን ሞልታዋለች። ሰላም ሳልል በሩ ላይ ቆምኩ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ «አንተ» ሲሉኝ የኖሩት አክስቴ ያችን የቀረች ዓይናቸውን እንደ ገለጡ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩና በዚያ በስልክ ቤት ድምፃቸው «ይቅርታ፣ ማን ልበል? ምን ልርዳዎት?» አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ «እርስዎ» መባልን የጠየቅሁት እኮ ለእሳቸው ነበር፤ ለእኔ አልነበረም።