እናቴ ሻይ ላቀረበችልዎ የፈተና ተቆጣጣሪ

ለተከበሩ የርቀት ፈተና ተቆጣጣሪ፣
በካሜራው ማዶ፣ ባሉበት፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የሚኖሩበትን አገር ባላውቀውም አየሩ የተስማማዎት፣ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያዩ የሚውሉት ዓይኖችዎ ያልደከሙ፣ ወንበርዎም የማይቆረቁርዎ እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ።

እኔ ወጊህ አብዱልመውላ እባላለሁ። በእስክንድርያ ከተማ የሙሐረም ቤይ ሰፈር ነዋሪ፣ በአንድ ሆስፒታል የኔትወርክ ሠራተኛ ነኝ። ባለፈው ማክሰኞ የመጀመሪያውን ደረጃ የኔትወርክ ሰርተፍኬት ፈተና ቤቴ ሆኜ፣ እርስዎ በኮምፒውተሬ ካሜራ እየጠበቁኝ ስወስድ፣ እናቴ ሐጃ ኢቅባል ክፍሉ ውስጥ ስለገባች ፈተናውን አቋርጠውብኛል። የክፍል ኃላፊነት ዕድገቴ በዚያ ፈተና ላይ ተንጠልጥሎ ስለነበር ዕድገቱም አብሮ ቀረ። ለዕድገቱ ግድ የለም፣ እንደምንም እለምደዋለሁ። እናቴ ግን “የልጄን እንጀራ የዘጋሁት እኔ ነኝ” ብላ እህል መቅመስ ትታለች። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ እንድጽፍ ያስገደደኝም እሱ ነው።

ወደ ቅሬታዬ ከመግባቴ በፊት ግን ማንን እንዳባረሩ እንዲያውቁት ይገባል። እኔ በዕቅድ የታወቅኩ ሰው ነኝ። መኝታ ቤታችን ግድግዳ ላይ ከአንሶላ የሚተልቅ ካርቶን ተለጥፎ ነበር፤ የመጀመሪያው ደረጃ በአረንጓዴ፣ ሁለተኛው በሰማያዊ፣ የሊቆቹ ደረጃ በወርቃማ ቀለም፣ በየመሀሉም የትኛው መጽሐፍ በየትኛው ወር እንደሚነበብ በቀስት የተመለከተበት። የሥራ ባልደረቦቼ ሳያማክሩኝ አይመዘገቡም ነበር። እኔ ዕቅድ አወጣላቸዋለሁ፣ እነሱ ያጠናሉ፣ ይፈተናሉ፣ ያልፋሉ፣ ሪያድ ጥሩ ሥራ ይገባሉ፤ በየበዓሉም እየደወሉ “ዕቅዱ እንዴት ነው?” ይሉኛል። የፈተናው ይዘት በተቀየረ ቁጥር ለሰው እያማረርኩ በልቤ ግን ደስ እያለኝ አዲስ ካርቶን እገዛለሁ። ባለቤቴ ነግላ አንድ ቀን ካርቶኑ ፊት ቆማ “ወጊህ፣ ከዚህ ፈተና ጋር ከታጨህ ስንት ዓመትህ ነው? ወይ ተጋቡ፣ ወይ ቀለበት ተመላለሱ” ስትለኝ ነው አፍሬ የተመዘገብኩት።

አንደኛ፦ መመሪያዎ ተፈታኙ ሰው በሌለበት ክፍል ውስጥ ይቀመጥ ይላል። ክቡር ሆይ፣ እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ ክፍል ውስጥ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም፤ እኛ ቤት ብቻውን የተቀመጠ ሰው ከተገኘ ትኩሳቱ ይለካል። ሰው የማይገባበት ክፍል ቢኖር የእንግዳ ሳሎናችን ነው። ወንበሮቹ ወርቅ ቅብ ናቸው፣ ነጭ ጨርቅ ለብሰው ይኖራሉ፣ ቁልፉም ከእናቴ ጉያ አይወጣም። ለፈተናው ስትል መጋረጃውን አጥባ፣ ጨርቁን ገፍፋ፣ ቁልፉን በእጄ ሰጠችኝና “እኔ ድርሽ አልልም፣ አንተ ብቻ እለፍልኝ” አለችኝ። ነግላም ልጆቹን ይዛ እህቷ ቤት ሄደች። እርስዎ ደግሞ ካሜራውን ዙሪያውን እንዳዞር አዘው ግድግዳው ላይ ሰው አገኙ። አባቴ ነው፣ ካረፈ ቆይቷል ብልዎ “ፎቶውን ያዙሩት” አሉኝ፤ አዞርኩት። ለዚህስ ላመሰግንዎ ይገባል፤ አባቴ በሕይወት ሳለ የፈተና ውጤቴን ሲያይ ፊቱን የሚያዞረው ራሱ ነበር።

ሁለተኛ፦ ከንፈሬን እንዳላንቀሳቅስ ደጋግመው አስጠነቀቁኝ። ለሰው መልስ የምነግር መስሎዎት ከሆነ የሚነገር መልስ አለኝ ብለው ስለገመቱኝ አከብርዎታለሁ። ከንፈሬ የሚንቀሳቀሰው ፈጣሪዬን ስለምለምን ነበር፤ እሱም እስካሁን መልሱን አልላከልኝም። ጣቶቼን ከጠረጴዛው በታች ስቆጥር ሲያዩኝም እጄን ወደ ላይ እንዳወጣ አዘዙኝ። የኔትወርክ አድራሻ ቁጥሮችን በሂሳብ እያካፈልኩ ነበር፤ የዕድሜዬን ግማሽ ራውተር ስነካካ የኖርኩ ሰው በጣቴ ስቆጥር እንደተያዝኩ ነግላ ባትሰማ ደስ ይለኛል።

ሦስተኛውና ዋናው የሻዩ ጉዳይ ነው። እርስዎ “እጅዎን ያሳዩኝ” ሲሉ ድምፅዎ ከፍ ብሎ ነበርና እናቴ ወጥ ቤት ሆና ሰማች። ሳሎን ውስጥ የወንድ ድምፅ፣ ያውም የባዕድ አገር ሰው። አልገባም ብላ የማለችው ልጇ ብቻውን ነው ብላ እንጂ እንግዳ አለ ብላ አይደለም። ወርቅ ቅብ ወንበር ላይ የተቀመጠ እንግዳ አፉ ደርቆ ከወጣ እሷ ከዚያ በኋላ በምን ዓይኗ ጎረቤት ታያለች? የበዓል ሻሿን ሸብ አድርጋ፣ ናዕናዕ ቅጠል የገባበት ሻይ በሁለት ብርጭቆ፣ ካህክ ብስኩት በሰሃን ደርድራ፣ በሩን በክርኗ ገፍታ ገባች።

“እንኳን ደህና መጡ፣ ቤት ለእንግዳ። ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ይሄ ልጅ ሰው እንዳለ እንኳ አልነገረኝም” አለች። ዙሪያውን ብታይ ማንም የለም። እኔ ከንፈሬን ስለፈራሁ በዓይኔ ኮምፒውተሩን አሳየኋት። ጎንበስ አለች፤ መነጽሯን ስላላደረገች ምን እንዳየች እንጃ፣ ብቻ ሻሿን አስተካክላ ብርጭቆውን ወደ ካሜራው አስጠጋችና “ስኳሩ ስንት ይሁንልዎ?” አለች። እርስዎም ፈተናው መቋረጡን አውጀው ጠፉ።

“ሄደ እንዴ?” አለችኝ፣ ብርጭቆውን እንደያዘች። “ምን አጎደልኩበት?”

ከዚያ ወዲህ ነገሯ ሁሉ ይኸው ነው። ደረጃ ላይ ለምታገኘው ጎረቤት ሁሉ ልጇን ጉድ እንደሠራችው ትናገራለች። ነገ ደግሞ ካህክ ይዛ ሆስፒታል ሄዳ ዳይሬክተሩ እግር ላይ ልትወድቅ ቆርጣለች። አንጀቴን በላችው።

ክቡር ሆይ፣ እርስዎም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። እናቴ ስትገባ እኔ ወድቄ ነበር። አብዛኛውን ጥያቄ መሀል ላይ ያለውን መልስ በግምት እየመረጥኩ ነው የተሻገርኩት፤ በሩ ሲከፈት “ተመስገን” ብያለሁ፣ ከንፈሬንም ያኔ አይተውት ይሆናል። ይህንኑ ለእናቴ ብነግራት “እኔን ለማጽናናት ነው፤ እንደዚያ ያለ ዕቅድ ያለው ሰው አይወድቅም” አለችኝ። ካርቶኑ ይኸው ጉድ አደረገኝ።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምንዎ ፈተናውን እንዲደግሙልኝ አይደለም። የሐጃ ኢቅባል ልጅ ሻዩ ከመምጣቱ በፊት በራሱ ጥረት የወደቀ መሆኑን የሚገልጽ ማረጋገጫ፣ እናቴ ያለ መነጽር እንድታየው ማኅተሙ ተለቅ ብሎ፣ በአድራሻዋ እንዲላክልኝ ነው።

የእጄን፣ የከንፈሬንና የሟች አባቴን ጠባይ ሳይሰለቹ ስለተቆጣጠሩ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ከታላቅ አክብሮትና ከማይንቀሳቀስ ከንፈር ጋር፣
ወጊህ አብዱልመውላ
በሦስቱም ደረጃዎች ዕጩ፣ በአንዱም ያልተገኘ
እስክንድርያ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ሳልልከው የቢሮዎ የውሳኔ ደብዳቤ ደረሰኝና ለእናቴ ተርጉሜ አነበብኩላት። ፈተናው የተቋረጠው “ሦስተኛ ሰው ወደ ክፍሉ በመግባቱ” ነው ይላል። እናቴ ደግሜ እንዳነብላት ጠየቀችኝና “ሦስተኛዋ እኔ ከሆንኩ ሁለተኛው ማን ነበር?” አለች። ተቆጣጣሪው መሆንዎን ነገርኳት። “እንግዳ ነበረ ማለት ነዋ፤ ሻይ ጥሎ የሄደው እሱ ነው እንጂ እኔ ምን አጠፋሁ” ብላ ተነሥታ እጇን ታጠበች፣ ቀርባም በላች። ስለዚህ የጠየቅኩት ማረጋገጫ ይቅር። አሁን የምታዝነው ለእርስዎ እናት ነው።